የሲታሬ ድምፅ ተለወጠ፤ አውታሩ የሚያርፍበትን አጥንት ማስሞረድ ይኖርብኝ ይሆን?

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)

ለተከበራችሁ አባላት፤ ህንድ አገር ፑኔ ከተማ ተማሪ ሳለሁ በማሃራሽትራ ግዛት በምትገኘው በሚራጅ ከተማ ካሉ መሣሪያ ሠሪዎች የገዛሁት ሲታር፣ ማለትም የህንድ ባለአውታር መሣሪያ፣ አለኝ። 20 ፍሬቶች (አንገቱ ላይ ያሉ፣ አውታሩ የሚጫንባቸው ዘንጎች)፣ 7 የሚመቱ አውታሮች፣ ከፍሬቶቹ በታች ደግሞ ሳይመቱ በሌሎቹ ንዝረት የሚያስተጋቡ 13 ቀጫጭን አውታሮች አሉት። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ባጅ ታር የሚባለው ዋናው አውታር ቀድሞ የነበረውን ረጅምና የተዘረጋ ንዝረት ትቶ እንደ ላላ ቆርቆሮ መንጫረር ጀምሯል፤ ድምፁም ቶሎ ይሞታል። አውታሩ የሚያርፍበትን ሰፊ አጥንት በብርሃን ስመለከተው ልክ ከዋናው አውታር ሥር ጥፍር የሚይዝ ቀጭን ቦይ ተፈጥሯል።

ጥያቄዎቼ ሦስት ናቸው። ለድምፁ መለወጥ ምክንያቱ ይህ ቦይ ነው ወይስ የአዲስ አበባ ደረቅ አየር? እዚህ ሲታር የሚጠግን ሰው ስለማላውቅ፣ በገና የሚሠራ ወይም የእንጨት ሥራ የሚያውቅ ባለሙያ አጥንቱን ቢሞርድልኝ ያስኬዳል? በመጨረሻም፣ የሲታር ንዝረትና የበገና ንዝረት ለጆሮዬ በጣም ስለሚቀራረቡ፣ በበገናው ዘዴ ልጠግነው እችል ይሆን?

መልስ (ሲታር ተጫዋች)

ሞረድ ከመነሣቱ በፊት ጥፋቱ ከየት እንደመጣ መለየት ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ዋናውን አውታር ይለውጡ። 0.30 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የብረት ሽቦ በመሆኑ በጣት ላብ ቶሎ ይዝጋል፣ ሁልጊዜ በሚጫኑት ቦታ ላይም ይበላል፤ ያረጀ አውታር ባለበት ሲታር ላይ ስለ አጥንቱ መፍረድ አይቻልም። ቀጥሎ አዲሱን አውታር ምንም ፍሬት ሳይጫኑ ይምቱት፤ ከዚያ በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ በተራ እየተጫኑ ያዳምጡ። መንጫረሩ በአንድ ወይም በሁለት ፍሬት ላይ ብቻ ከተሰማ አጥንቱ ንጹሕ ነው፤ ከጎኑ ያለው ፍሬት ከፍ ብሎ አውታሩን እየነካው ነው፣ ወይም ፍሬቱን ከአንገቱ ጋር ያሠረው ክር ላልቷል። ሳይጫኑትም ተጭነውም በሁሉም ላይ ከተሰማ ግን ነገሩ ከአጥንቱ፣ ማለትም ከጃዋሪው ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ተጨማሪ ፍተሻ አለ፤ አውታሩን እየመቱ በሌላው እጅዎ ማንካ የሚባሉትን ትንንሽ የመቃኛ ዶቃዎችና ከሥር ያሉትን ቀጫጭን አውታሮች በየተራ ይያዟቸው። መንጫረሩ አንዱን ሲይዙ ከጠፋ፣ ከሞረድ ወጪ ድነዋል።

ቦዩ እንዴት እንደሚፈጠር ለመረዳት አጨዋወቱን ማሰብ ይበቃል። ሲታር ላይ ዜማው ከፍሬት ወደ ፍሬት በመዝለል ብቻ አይሄድም፤ አውታሩን በአንድ ፍሬት ላይ ይዞ ወደ ጎን በመሳብ ድምፁን እስከ አምስተኛው ኖታ ድረስ ማንሣት ይቻላል፤ ይህም ሚንድ ይባላል። በተሳበ ቁጥር የተወጠረው ብረት አጥንቱን ይፈገፍጋል። እንግዲህ በደንብ የሚጫወቱበት ሲታር ቦይ ማውጣቱ የማይቀር ነው፤ በህንድ ያሉ ተጫዋቾችም ጃዋሪውን በየጊዜው ያስሞርዱታል።

የአጥንቱ ገጽ ጠፍጣፋ ይምሰል እንጂ ወደ አንገቱ በኩል በዓይን በማይታወቅ ሁኔታ ዝቅ እያለ ይሄዳል። አውታሩ ሲርገበገብ የገጹን ፊት ደጋግሞ ይነካል፣ ይለቃልም፤ እያንዳንዱ ንክኪ ከፍተኛ ድምፆችን ስለሚቀሰቅስ ያ የምንወደው ንዝረት ይወጣል። ገጹ ይበልጥ ሜዳ ከሆነ ንክኪው ይረዝማል፣ ድምፁም ብሩህና የሚያስተጋባ ይሆናል፤ ይህን «ኩላ»፣ ክፍት፣ ይሉታል። ገጹ ክብ ሲሆን ንክኪው ያጥራል፣ ድምፁም ረጋ ይላል፤ ይህ «ባንድ»፣ ዝግ፣ ነው። ከታዋቂዎቹ ሲታር ተጫዋቾች ራቪ ሻንካር ወደ ክፍቱ፣ ቪላያት ካን ወደ ዝጉ ያደሉ ነበር። ስለዚህ ባለሙያ ጋር ከመሄድዎ በፊት የትኛውን እንደሚፈልጉ ይወስኑ፤ «አስተካክልልኝ» ብቻ ካሉት ሠሪው በራሱ ጆሮ ይሠራዋል።

መልስ (በገና ደርዳሪ)

ጠያቂው ስለ መቀራረቡ የተናገሩት ትክክል ነው። በበገና ላይ ከ10ሩ አውታሮች እያንዳንዱ ብርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዝራ የምንላት ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ቆዳዋ በትክክለኛው ቦታ ስትሆን የሚርገበገበው ጅማት እየነካት ያልፋል፣ ንዝረቱም ይከፈታል፤ ጥቂት ወደፊት ወይም ወደኋላ ከሄደች ድምፁ ይታፈናል ወይም ደርቆ ይቀራል። በገና የቃኘ ሰው ሁሉ ከቅኝቱ ይልቅ እንዝራውን ማስተካከል ረጅም ጊዜ እንደሚወስድ ያውቃል። ስለዚህ ቦዩ ባለበት ቦታ ላይ፣ በአውታሩና በአጥንቱ መካከል፣ በጣም ቀጭን ቆዳ ወይም ክር ቢገባ አጥንቱን ሳይነኩ ችግሩን ማስታገስ የሚቻል ይመስለኛል።

መልስ (ሲታር ተጫዋች)

ሐሳቡ መሠረት አለው፤ ህንዶቹ ራሳቸው ይሠሩበታል፤ የሚሠሩበት ግን በታንፑራ ላይ ነው። ታንፑራ ብዙውን ጊዜ 4 አውታር ያለው፣ ለዘፋኙ ወይም ለተጫዋቹ መነሻ ድምፅን ያለማቋረጥ የሚያሰማ መሣሪያ ነው። ከእያንዳንዱ አውታር ሥር የጥጥ ወይም የሐር ክር ይገባል፤ ክሩ እየተገፋ ንዝረቱ እስኪያብብ ድረስ ይፈለጋል። ሥራው ከእንዝራ ጋር አንድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የፊዚክስ ሊቁ ሲ. ቪ. ራማን እ.ኤ.አ. በ1921 ዓ.ም. ቪና ስለሚባለው ሌላ የህንድ ባለአውታር መሣሪያና ስለ ታንፑራ ባወጡት ጽሑፍ፣ እንዲህ ያለ ማረፊያ ያለው አውታር በተለመደው ሕግ መሠረት ሊሰሙ የማይገባቸውን ድምፆች ጭምር እንደሚያሰማ አመልክተዋል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ የታንፑራም ሆነ የበገና አውታር ሳይጫኑት በነፃነቱ የሚመታ ስለሆነ ክሩ ወይም ቆዳው አንዴ ከተቀመጠ ባለበት ይቆያል። የሲታር ዋና አውታር ግን በየፍሬቱ ይጫናል፣ ወደ ጎንም ይሳባል፤ በመጀመሪያው ሚንድ ክሩ ይንሸራተታል፣ ለአንዱ ኖታ የተመቸው ቦታም ለሌላው አይመችም። ስለዚህ ለሲታርዎ አልመክረውም፤ ባልደረባችን ከፈቀዱ ግን የታንፑራ ባለቤት ሁሉ እንዝራ ማስተካከልን ከእርሳቸው ቢማር ይጠቀማል።

ጊዜያዊ መፍትሔ ካስፈለገዎት አውታሩን ትንሽ ያላሉና አጥንቱ ላይ ወደ ጎን፣ ከቦዩ ወጥቶ ባልተበላው ገጽ ላይ እንዲያርፍ ያዛውሩት። የሚያስፈልገው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው።

መልስ (የእንጨት ባለሙያ)

ሲታር ሠርቼ አላውቅም፤ ስለ አጥንትና ስለ እንጨት ግን የምለው አለ። ቀድሞ ይህ የአውታሮቹ ማረፊያ ከአጋዘን ቀንድ ይሠራ ነበር፤ በህንድ የቀንዱ ንግድ በሕግ ከተከለከለ በኋላ የግመል አጥንት፣ ዞጲና ሰው ሠራሽ ቁሳቁስ ተተክተዋል። የእርስዎ አጥንት ከሆነ በሚሽከረከር ማሽን እንዳይነካ ይጠንቀቁ፤ ይሞቃል፣ ይሰነጠቃልም። ሥራው በጠፍጣፋ ሞረድና በመጨረሻ በቀጭን የአሸዋ ወረቀት፣ በእጅ ብቻ ነው የሚሠራው፤ በየጊዜው አውታሩን እየመለሱ ማዳመጥ የግድ ነው። አንድ ጊዜ የተነሣ አጥንት ስለማይመለስ፣ ለጃዋሪ የሰለጠነ ጆሮ ለሌለው ሰው፣ ለእኔም ጭምር፣ ባይሰጡት ይሻላል።

ደረቁ አየር ቦይ አይቆፍርም። የሚያደርሰው ጉዳት ሌላ ነው፤ በበጋ ወራት የመቃኛ ቁልፎቹ ስለሚጨማተሩ ይንሸራተታሉ፣ የድምፅ ሣጥኑ የተሠራበት ደረቅ ቅልም ሊሰነጠቅ ይችላል። ለቁልፎቹ ጠመኔ መቀባት ይረዳል። መሣሪያውን ከመስኮትና ከምድጃ አርቀው፣ በመያዣ ሣጥኑ ውስጥ በተበሳሳ ጠርሙስ ያለ እርጥብ ስፖንጅ፣ ቅሉን ሳይነካ፣ ያስቀምጡለት።

ምላሽ (ከአዲስ አበባ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አውታሩን ለወጥሁ፤ ጥቂት ተሻለ፣ መንጫረሩ ግን ሳልጫነውም ሆነ በሁሉም ፍሬቶች ላይ አለ። ዶቃዎቹንና ቀጫጭኖቹን አውታሮች በየተራ ስይዝ ለውጥ የለም። አውታሩን ከቦዩ ሳወጣው የቀድሞ ድምፁ አብዛኛው ተመለሰ፤ ጠንከር አድርጌ ስስበው ግን ተመልሶ ቦዩ ውስጥ ይገባል። አንድ ዘመዴ በቅርቡ ወደ ፑኔ ስለሚሄድ ማረፊያውን ብቻ አውጥቼ ልላክ?

መልስ (ሲታር ተጫዋች)

ፍተሻው ነገሩን ለይቶታል፤ ጥፋቱ የቦዩ ነው። ጃዋሪ በትክክል የሚሠራው ሲታሩ በሠሪው ጭን ላይ ሆኖ ነው፤ ይህ ካልተቻለ አሮጌውን ለናሙና ልከው አዲስ ያሠሩ፤ አሮጌው እንዳይሞረድ አጥብቀው ይናገሩ፤ አዲሱ ባይስማማ መመለሻ ይሆንዎታል። ሚራጅ ከፑኔ በባቡር የሚደረስባት ከተማ ስትሆን ሲታሯና ታንፑራዋ እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. የመልክዓ ምድር መለያ ምዝገባ (ምርቱን ከተሠራበት አካባቢ ጋር የሚያያይዝ የስም ጥበቃ) አግኝተዋል፤ መሣሪያው እዚያው የተሠራ ስለሆነ ሠሪዎቹ የማረፊያውን እግሮች አቀማመጥ ይረዱታል።

ማረፊያው ብዙውን ጊዜ በአውታሮቹ ጫና ብቻ የሚቆም ስለሆነ፣ ከማላላትዎ በፊት የእግሮቹን ዙሪያ በደብዛዛ እርሳስ ምልክት ያድርጉበት፣ በአንገቱ ራስ ካለው አጥንት እስከ ማረፊያው ያለውንም ርቀት ለክተው ይጻፉ። 7ቱን አውታሮች አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው ሳይሆን ሁሉንም በጥቂት በጥቂቱ ያላሉ። የቀጫጭኖቹ ትንሽ ማረፊያ ባለበት ይቆይ። በወረቀት ላይ የእያንዳንዱን አውታር ውፍረት፣ «ሳ»ን፣ ማለትም መነሻ ኖታውን፣ በየትኛው ድምፅ እንደሚቃኙ፣ ክፍት ወይም ዝግ መፈለግዎን ያስፍሩ፤ የአዲሱም ከፍታ ከአሮጌው ጋር እኩል ይሁን፤ ከዝቅታ ይልቅ በጣም ጥቂት ቢበልጥ ይመረጣል፤ የበለጠውን ከእግሮቹ ሥር መቀነስ ይቻላልና። አሮጌውን እግሮቹ እንዳይሰበሩ በጨርቅ ጠቅልለው በጠንካራ ሣጥን ይላኩት፤ ዘመድዎ ሲመለሱም የ0.30 ሽቦ ጥቅል ይዘው እንዲመጡ አብረው ይንገሯቸው።