ከፍታው ቆሞ ፍጥነቱ ብቻ የጨመረው ሮኬት

ጥያቄ፦ የፊዚክስ መምህር፣ ደሴ

ለመድረኩ ተሳታፊዎች ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ደሴ ከተማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ፣ ሳተላይቶችን ይዞ ከአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ከኬፕ ካናቬራል የመጠቀውን ፋልከን 9 ሮኬት አብሮኝ ከሚኖረው የእህቴ ልጅ ጋር በስልክ በቀጥታ ስርጭት ተከታተልን። ጋቢ ተከናንበን፣ ስልኩን በስኳር ዕቃው አስደግፈን ነበር የምናየው፤ ደግነቱ መስመሩ እስከ መጨረሻው አልተቋረጠብንም።

ሮኬቱ ከተነሣ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ሲሆነው የታችኛው ክፍል 9 ሞተሮች ጠፉ፤ ታችኛው ክፍል ከላይኛው ተለየ፤ ላይኛውም የራሱን አንድ ሞተር ለኩሶ ጉዞውን ቀጠለ። ስምንት ደቂቃ ተኩል ገደማ ላይ ታችኛው ክፍል አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ በምትጠብቀው ጠፍጣፋ መርከብ ላይ በአራት እግሩ ቆመ። ልክ ሊያርፍ ሲል ምስሉ ስለጠፋ፣ ማረፉን ያወቅነው በኋላ ጭሱ መካከል ተገትሮ ስናየው ነው።

እኔን ያስቸገረኝ ከምስሉ ግርጌ የሚታየው ቁጥር ነው። ሁለቱ ክፍሎች ሲለያዩ ፍጥነቱ በሰዓት 8,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ የላይኛው ክፍል ፍጥነት እየጨመረ 27,000 ሲደርስ፣ ከፍታው ግን አንድ ቦታ ላይ መጨመሩን አቆመ፤ እንዲያውም ጥቂት ዝቅ ያለ መሰለኝ። ልጁ «አጎቴ፣ እየወደቀ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ከእንቅልፌ ጋር እየታገልኩ «እዚያ ስበት ስለሌለ አይወድቅም» አልኩትና ተኛን። ጠዋት ስነሣ የሰጠሁት መልስ አሳፈረኝ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ከፍታው ቆሞ ፍጥነቱ የሚጨምርበትን ምክንያት ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ በሚገባ ቋንቋ እንዴት ላስረዳው? ሁለተኛ፣ ታችኛው ክፍል ያን ያህል ነዳጅ አቃጥሎ ከወጣ በኋላ በምን ነዳጅ ተመለሰ? ታችኛው ከተመለሰስ ላይኛው የማይመለሰው ለምንድን ነው?

ምላሽ፦ መካኒካል መሐንዲስ፣ ኮምቦልቻ

መምህር፣ ጥያቄዎን ወድጄዋለሁ። በቅድሚያ ግን የእህትዎ ልጅ ትክክል መሆኑን ይንገሩት፤ ሮኬቱ በእርግጥ እየወደቀ ነበር። ምሕዋር (መሬትን የመዞሪያ መንገድ) ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ዘወትር እየወደቀ ነው። እነዚህ ሳተላይቶች በሚሠሩበት በ550 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ እንኳ የመሬት ስበት እዚህ እኛ ከምናውቀው 85 በመቶ ያህሉ አለ። 550 ኪሎ ሜትር ማለት ከደሴ አዲስ አበባ ካለው የመኪና መንገድ በ150 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚበልጥ ርቀት ነውና፣ በዚያች ታህል መንገድ ስበት ይጠፋል ብለን መጠበቅ አይገባንም።

ለተማሪው እንዲህ ቢያስረዱት ይቀለዋል። ከጦሳ ተራራ አናት ላይ ድንጋይ ወደ ፊት ቢወረውር፣ ድንጋዩ ወደ ፊትም ወደ ታችም እየሄደ ከግርጌው ያርፋል። ጠንከር አድርጎ ቢወረውረው ራቅ ብሎ ያርፋል። ማንኛውም ነገር ሲለቀቅ በመጀመሪያዋ ሰከንድ ውስጥ 5 ሜትር ያህል ይወድቃል። መሬት ደግሞ ክብ በመሆኗ በየ8 ኪሎ ሜትሩ ገጽዋ 5 ሜትር ያህል ጎንበስ ይላል። እንግዲህ አየር የሚባል ነገር ባይኖርና ድንጋዩ በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢወረወር፣ እሱ 5 ሜትር ሲወድቅ መሬትም ከሥሩ 5 ሜትር ስለምትሸሸው፣ እየወደቀ ይኖራል እንጂ አይደርስባትም። ከደሴ ኮምቦልቻ ያለውን 25 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ፣ ከነሐረጎ ጠመዝማዛው፣ በሦስት ሰከንድ ከምናምን ጨረሰው ማለት ነው።

ከዚህ የምንረዳው የሮኬቱ ዋና ሥራ ወደ ላይ መውጣት ሳይሆን ወደ ጎን መሮጥ መሆኑን ነው። መጀመሪያ ላይ ቀጥ ብሎ የሚነሣው ጥቅጥቅ ካለው አየር ቶሎ ለመውጣት ሲል ነው፤ ያም ቢሆን ከተነሣ ብዙም ሳይቆይ ቀስ እያለ መዘንበል ይጀምራል። ቁጥሩ ላይ ከፍታው የቆመበት ጊዜ፣ ሮኬቱ ሙሉ በሙሉ ተጋድሞ ነዳጁን ሁሉ ለፍጥነት የሚያውልበት ጊዜ ነው። ያኔ ገና ለምሕዋር የሚበቃ ፍጥነት ስለሌለው ትንሽ ዝቅ ማለቱም የታሰበበት ነው፤ ከፍታውን በግድ ለመጠበቅ ሞተሩን ወደ ላይ ማቅናት ነዳጅ ማባከን ይሆናል። ሳተላይቶቹም የሚለቀቁት ከ550 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው፤ የቀረውን ከፍታ በራሳቸው ትንንሽ የኤሌክትሪክ ሞተሮች በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይወጡታል።

የላይኛው ክፍል የማይመለስበትም ምክንያት እዚያው ቁጥር ውስጥ አለ። ታችኛው ክፍል ሲለይ የነበረው 8,000 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለምሕዋር ከሚያስፈልገው ሲሦ አይሞላም። የእንቅስቃሴ ጉልበት ደግሞ ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚሄድ፣ ከእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ላይ መወገድ ያለበት ጉልበት ላይኛው ካለው አንድ አሥረኛ እንኳ አይሆንም። ታችኛው ያን ጉልበት በጥቂት ነዳጅና በአየሩ ግጭት ሊያራግፈው ይችላል። ላይኛው ግን ያን ሁሉ ሙቀት ለመቋቋም ወፍራም የሙቀት መከላከያ መልበስ ይኖርበታል፤ የመከላከያው ክብደት ደግሞ ከሚጫነው ሳተላይት ላይ ይቀነሳል። በዚህ ምክንያት ሥራውን ሲጨርስ ሞተሩን ለኩሶ ፍጥነቱን ይቀንስና ከሰው መኖሪያ በራቀ ውቅያኖስ ላይ ከባቢ አየር ውስጥ ገብቶ አብዛኛው ይቃጠላል።

ምላሽ፦ ጡረተኛ ሾፌር፣ ኮምቦልቻ

ከመሐንዲሱ በኋላ መናገር ቢከብድም፣ የመመለሱን ነገር ከእኔ ሥራ ጋር አያይዤ ላስረዳ። ለ22 ዓመት ከጅቡቲ ወደ ኮምቦልቻ ተሳቢ ነድቻለሁ፤ ሐረጎንም ጭኜም ባዶዬንም ወርጃለሁ። ተሳቢ ጭኖ ዳገት ሲወጣ የሚበላው ነዳጅና ባዶውን ሲመለስ የሚበላው አይገናኝም። ሮኬቱም እንደዚያው ነው። ሲነሣ ከ500 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ነዳጅና ፈሳሽ ኦክስጅን ነው። (ነዳጁ ሌላ ሳይሆን በጥንቃቄ የተጣራ ነጭ ጋዝ ነው፤ እናቶቻችን በኩራዝና በምድጃ ያነደዱት ላምባ የሥጋ ዘመድ መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።) ታችኛው ክፍል ታንኩን ጨርሶ፣ ላይኛውንም ሸኝቶ ሲመለስ ባዶ ክብደቱ ከ30 ቶን አይበልጥም። የጫነ ተሳቢ የሚያህል ክብደት ነው የቀረው፤ እሱን ለማቆም የሚበቃ ነዳጅ ብቻ ሲነሣ ጀምሮ ተቆጥቦለታል።

አወራረዱም ልክ እንደ ቁልቁለት ነው። ሾፌር ሐረጎን ሲወርድ ፍሬን ብቻ እየረገጠ አይወርድም፤ ፍሬኑ ይግላል። አስቀድሞ ከባድ ማርሽ ያስገባና ሞተሩ ይይዘው ዘንድ ይተወዋል። ሮኬቱም ጥቅጥቅ ወዳለው አየር ከመግባቱ በፊት ከ9ኙ ሞተሮች ሦስቱን ለኩሶ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያለዚያ በአየሩ ሙቀት ይጎዳል። ከዚያ በኋላ አየሩ ራሱ ፍሬን ይሆንለታል፤ አናቱ ላይ የተዘረጉት እንደ ወንፊት የተበሱ አራት ክንፎችም መሪ ሆነው ወደ መርከቧ ያቀኑታል። በመጨረሻ መካከለኛው ሞተር ይነሣና ያቆመዋል።

አሁን ምሳሌዬ የማይሠራበት ቦታ ላይ ደረስኩ። እኛ ጥርጣሬ ሲገባን ዳር ይዘን እንቆማለን፤ ረዳቱ ወርዶ ታኮ ያደርጋል፤ ሞተሩ እስኪበርድ ሻይ ይጠጣል። ሮኬቱ ግን አየር ላይ ቆሞ ማሰብ አይችልም። ባዶው ክፍል በጣም ስለሚቀል፣ አንዱ ሞተር የመጨረሻ ዝቅተኛ ኃይሉ ላይ ሆኖ እንኳ ከክብደቱ በላይ ይገፋዋል። ስለዚህ ሞተሩ ቀድሞ ቢነሣ መርከቧ ላይ ሳይደርስ ቆሞ ወደ ላይ መመለስ ይጀምራል፤ ዘግይቶ ቢነሣ ደግሞ ይከሰከሳል። ፍጥነቱ ዜሮ የሚሆነው እግሩ መርከቧን በነካባት ቅጽበት መሆን አለበት። ከመርከቧ በአንድ ሜትር ከፍ ብሎ ዜሮ መሆንም ስሕተት ነው። በሕይወቴ ብዙ ጎበዝ ሾፌር አይቻለሁ፤ እንደዚህ የሚቆም ግን አላየሁም።

መሐንዲሱ አንድ ነገር ቢያክሉልን፦ ለመመለሻ የሚቆጠበው ነዳጅ ከጭነቱ ላይ አይቀነስም ወይ? እኛ ጭነት ስንቀንስ ባለንብረቱ ይጮህብን ነበር።

ምላሽ፦ መካኒካል መሐንዲስ፣ ኮምቦልቻ

ጋሼ፣ ይቀነሳል። ታችኛውን ክፍል ውቅያኖስ ውስጥ ለመጣል ቢወስኑ ሮኬቱ ወደ ዝቅተኛ ምሕዋር 22.8 ቶን ሊያወጣ ይችላል፤ በመርከብ ላይ እንዲያርፍ ሲደረግ ግን 17 ቶን ተኩል ያህል ነው። ወደ ተነሣበት የብስ እንዲመለስ ከተፈለገ ዞሮ መምጣት ስላለበት ከዚህም ያንሳል፤ መርከቧን ባሕር መካከል ድረስ የሚልኳት ለዚሁ ነው። ባለንብረቱ የማይጮኸው ሮኬቱ ካሉት 10 ሞተሮች 9ኙ ታችኛው ክፍል ላይ ስላሉና እነሱ ተመልሰው ስለሚመጡለት ነው። የመጀመሪያው ማረፍ የተሳካው በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. በየብስ ላይ ነው፤ በመጋቢት መጨረሻ በዚያው ዓመት በመርከብ ላይ ተሳካ፤ አንድ ጊዜ የበረረ ክፍል ዳግመኛ ሳተላይት ይዞ የወጣው ደግሞ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ከ30 ጊዜ በላይ የበረረ ክፍል አለ።

ምላሽ፦ ሰማይ ተመልካች፣ ደሴ

ሮኬቱን በስልክ ያያችሁት ጥሩ ሆኖ፣ ጭነቱን በዓይናችሁ ማየት እንደምትችሉም ላስታውሳችሁ። ሳተላይቶቹ ከተለቀቁ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ተጠጋግተው ስለሚጓዙ በአንድ ክር እንደተሰካ ጨሌ ሆነው ሰማይን ያቋርጣሉ። እኔ አንድ ምሽት ሰፈራችን ውስጥ ሳያቸው አንዲት ጎረቤታችን እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «ምን ሊያመጣብን ይሆን» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አብሽሩ እማማ፣ የሰው እጅ ሥራ ነው ብዬ አረጋጋኋቸው። የሚያበሩት በራሳቸው መብራት አይደለም። እኛ ዘንድ ፀሐይ ጠልቃ ከጨለመ በኋላም እነሱ ከፍታ ላይ ስለሆኑ ፀሐይ ታገኛቸዋለች፤ ስለዚህ የሚታዩት ከመሸ በኋላ ባለው አንድ ሁለት ሰዓት ወይም ሊነጋ ሲል ነው። እኩለ ሌሊት ላይ አብዛኛውን ጊዜ መጠበቁ ድካም ነው።

ለደሴ ሰው ችግሩ ጦሳ አንዱን የሰማይ ዳር መሸፈኑ ነው። ከክረምቱ ደመና በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ያሉት ምሽቶች ይሻላሉ።

መምህር፣ ለተማሪዎችዎ አንድ ተጨማሪ ማነጻጸሪያ ልስጥዎ። የሀገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት፣ 72 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው ኢቲ አር ኤስ ኤስ 1፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ታይዩዋን በሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት ስትመጥቅ፣ የዚያ ሮኬት አንድም ክፍል ለዳግም በረራ አልተመለሰም። እንጦጦ ላይ ሆነው ሲቆጣጠሯት የነበረችው ሳተላይት ግን መሬትን ስትዞር የነበረው መሐንዲሱ በነገሩን በዚያው የመውደቅ ሕግ ነው። በነገራችን ላይ ለሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች የሳተላይቶቹ ብዛት ራስ ምታት ሆኗል፤ ረጅም ጊዜ ተከፍቶ በሚነሣ የቴሌስኮፕ ምስል ላይ ነጭ መስመር ጥለው ያልፋሉ። ማረፉን ያደነቅነውን ያህል ይህንንም ልጆቹ ቢያውቁት መልካም ነው።

ምላሽ፦ የፊዚክስ መምህር፣ ደሴ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ለእህቴ ልጅ ይቅርታ ጠይቄ፣ «ትክክል ነበርክ፤ እየወደቀ ነበር» አልኩት። የጦሳውን ድንጋይ ደብተሩ ላይ ሥሎ፣ የመሬትን ራዲየስ 6,371 ኪሎ ሜትር ይዞ፣ በ8 ኪሎ ሜትር ውስጥ መሬት ስንት እንደምትጎነበስ በፓይታጎረስ ሕግ አሰላውና 5 ሜትር ከ2 ሳንቲ ሜትር አመጣ። ከዚያ ሐረጎን በ3 ሰከንድ የሚለውን ይዞ፣ «የጋሼ ተሳቢ ስንት ይፈጅበታል?» ይላል። ጋሼ፣ ባዶውን ይሁን ጭኖ ለይተው ቢነግሩን በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን እንጽፋቸዋለን።

ምላሽ፦ ጡረተኛ ሾፌር፣ ኮምቦልቻ

ጭኖ ቁልቁል ከሆነ አንድ ሰዓት ይጻፉ። ጭጋግ ካለ ሰዓቱን አልናገርም።