ካታሊና 22 ወይስ 27? ሁለት ልጆች ላሉት ቤተሰብ

ወገኖች፣ የሸራ ጀልባ ልገዛ ተነስቼ ካታሊና በሚባለው የጀልባ ዓይነት ሁለት መጠን መሃል ተወጥሬ ቀርቻለሁ (22 እና 27 የሚሉት ቁጥሮች ርዝመቷን በጫማ በግምት ያሳያሉ)። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ9 እና የ6 ዓመት ልጆቻችን። ሐሳባችን ቅዳሜና እሁድን ቼሳፒክ ቤይ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ላይ ጀልባዋ ውስጥ ማደር ነው።

ካታሊና 22 ርዝመቷ 6.5 ሜትር ገደማ ነው። ክብደቷም ከአንድ ቶን ብዙ አያልፍም፤ በመኪናዬ ጎትቼ ግቢዬ አቆማታለሁ። ኪሏ (ከሆዷ ሥር ወደ ውሃው የሚወርደው ከባድ ክንፍ) ሲነሳ 60 ሳንቲሜትር ውሃ ይበቃታል። ካታሊና 27 ግን 3 ቶን ታልፋለች፤ ወደብ ላይ ቦታ መከራየት ግድ ነው። ኪራዩ ደግሞ የሚታሰበው በርዝመት ነው።

ሁለቱንም ሞክረናል። 22ቷን ተከራይተን ሁለት ሌሊት አደርንባት። በሁለተኛው ዘነበ። እራት ለመሥራት ልጆቹን ከነብርድ ልብሳቸው ወደ ፊት ጥግ መግፋት ነበረብኝ። ቀና ብሎ መቆም የለም። ጠዋት ፍራሹ ሁሉ ረጥቧል። ትንሿ ልጄ ግን እስካሁን «መቼ ነው የምንመለሰው?» ትለኛለች።

27ቷ ላይ አንድ ወዳጄ ወሰደን። ውስጧ ቆሜ ሻይ አፈላሁ። ባለቤቴን ማዕበሉ አላጥወለወላትም፤ ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ግን 1.2 ሜትር ውሃ ትፈልጋለች፣ ቼሳፒክ ደግሞ ዳር ዳሩ ጥልቀት የለውም። አንዲት ጠባብ ወንዝ ስንገባ ጭቃ ያዘን፤ ውሃው እስኪሞላ ሦስት ሰዓት ተቀመጥን።

ገንዘቡ ለአንዷ ብቻ ነው የሚበቃው። ልጆች ይዛችሁ በእነዚህ መጠኖች ያደራችሁ፣ ከአንድ ሁለት ክረምት በኋላም ሳትሰለቹ ቶሎ ቶሎ የወጣችሁባት የትኛዋ ናት?