ለዕቁብ እጣ የኳንተም ቁጥር ይሆናል ወይ?

የሰኞ ገበያው ጸሐፊ (ደሴ)፦ ሰላም ያገሬ ሰዎች። የነጋዴዎች ዕቁብ ጸሐፊ ነኝ፤ 40 አባል አለን። መጀመሪያ የዳኛው አማች ደረሰው፣ ቀጥሎ ወንድሙ። «ወረቀቷ ምልክት አላት» የሚለው ሐሜት ሊያፈርሰን ነው። ወጣቶቹ በስልክ አፕ እናውጣ ይላሉ። የአፑን ሆድ ማን አይቶት! አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ የኳንተም ቁጥር የሚያወጡ አሉ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? ለኛስ ይሆናል?

የፊዚክስ አስተማሪ (ኮምቦልቻ)፦ አብሽር፣ እውነት ነው። ከርቢ ይባላል። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲና ኒስት የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የመለኪያ ተቋም በ2025 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረጉት። ሁለት የተሳሰሩ ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) አብረው ይፈጠሩና 110 ሜትር ያህል ወደተራራቁ ሁለት መለኪያዎች ይላካሉ። እዚህ ምን እንደተለካ ወሬው እዚያ ሳይደርስ ልኬቱ ያልቃል። ብርሃን እንኳ አይቀድምም! ውጤታቸው ግን ይገጣጠማል፤ መልሱን አስቀድመው ይዘውት ቢሆን ኖሮ ከሚጠበቀው በላይ። ይህን መለያ ሂሳብ የፊዚክስ ሊቁ ጆን ቤል በ1964 እ.ኤ.አ. አውጥቶታል። ቁጥሩ የሚወጣው ከነዚህ ውጤቶች ስለሆነ ቀድሞ የሚያውቀው የለም፤ መሣሪያውን የሠራውም ቢሆን። የተራ አፕ ቁጥር ግን በቀመር ነው የሚወጣው። ቀመሩንና መነሻውን ያወቀ፣ ቀጣዩን ያውቃል።

የሰኞ ገበያው ጸሐፊ፦ ወላሂ ደስ ይላል። ግን እነሱ ራሳቸው ቢያጭበረብሩስ?

የፊዚክስ አስተማሪ፦ ሥራውን ለብዙ እጅ ያከፋፈሉት ለዚህ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ከቀደመው ጋር በሃሽ (ከመረጃው በቀመር በሚወጣ የጣት አሻራ መሰል ኮድ) ይታሰራል። በኋላ አንዱን ቢነካኩት ሰንሰለቱ ያሳብቃል፤ ማንም ሰው ገብቶ ማጣራት ይችላል።

እመቤት ከሐይቅ፦ ቁጥሩስ ይሁን፣ ዝርዝሩስ? ሐምሌ 2014 አዲስ አበባ ላይ የኮንዶሚኒየም እጣ ወጥቶ የተሰረዘው ዳታው ተነካክቶ ነው። ጋሼ፣ መጀመሪያ የቀሪ አባላትን ስም ከነቁጥሩ ቴሌግራም ላይ ለጥፉ። «እሁድ ከ8 ሰዓት በኋላ መጀመሪያ የሚወጣው» ብላችሁም አስቀድማችሁ ተናገሩ። ሲወጣ ለቀሪ አባላቱ ብዛት አካፍሉት፤ ከማካፈሉ የተረፈው ላይ 1 ስትደምሩ ባለእጣውን ታገኛላችሁ። ቁጥሩ 512 ቢት (በኮምፒዩተር አጻጻፍ 512 ዜሮና አንዶች) ነው፤ እስከ 155 አሃዝ ስለሚደርስ የሱቅ ካልኩሌተር አይችለውም፣ ኮምፒዩተር የሚያውቅ ልጅ ይሥራላችሁ። ቁጥሩ አልጣመኝም ብሎ ሌላ ማስወጣት ግን የለም!

የሰኞ ገበያው ጸሐፊ፦ ዝርዝሩን ዛሬ ማታ እለጥፋለሁ። ዳኛው «እሁድ ኔትወርክ ቢጠፋስ?» እያለኝ ነው።

የፊዚክስ አስተማሪ፦ ሰኞም ብታዩት ያው የእሁዱ ቁጥር ነው፤ ተመዝግቦ ይቀመጣል።