ፓርቲክሏ ዲቴክተሩ ጋ መቼ ደረሰች? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ናችሁ፣ ጎንደር ሆኜ ለማስተርስ ፅሁፌ ኳንተም ሜካኒክስ እየሠራሁ ነው፣ አንድ ነገር ላይ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተቸክያለሁ። ለቦታ ኦፕሬተር (የሚለካውን ነገር በቲዎሪው የሚወክል የሒሳብ መሣሪያ) አለ፣ ለሞመንተም አለ፣ ለጊዜ ግን የፊዚክስ ሊቁ ፓውሊ በ1933 እ.ኤ.አ. እንዳለው ኢነርጂ ከታች ወለል ስላለው ደንበኛ ኦፕሬተር አይገኝም። እሺ፣ ታዲያ ዲቴክተሩ ቀጭ ሲል የምንመዘግበው ሰዓት በቲዎሪው ምኑ ነው?

እኔ ዲቴክተሩ ቦታ ላይ ያለውን ፕሮባቢሊቲ ከረንት (በዚያ ነጥብ በኩል በየቅጽበቱ የሚያልፈውን ፕሮባቢሊቲ) የመድረሻ ሰዓት ፕሮባቢሊቲ አድርጌ ልጠቀም ብዬ ትናንት ማታ ማራኪ ሰፈር ቤቴ ቁጭ ብዬ ሁለት ሞገድ ደመርኩ፣ ሞመንተማቸው 1 እና 3፣ አምፕሊቲዩዳቸው 2 እና 1፣ ሁለቱም ወደ ቀኝ ብቻ ነው የሚሄዱት፣ ግን ተቃራኒ ፌዝ ላይ ሲገናኙ (4 እና 3 የየራሳቸው፣ −8 የመደራረባቸው) 4+3−8 ከረንቱ −1 ወጣ! ምልክት የሳትኩ መስሎኝ አራቴ ደገምኩት፣ ያው ነው። ኔጌቲቭ ፕሮባቢሊቲ ደግሞ የለም።

የኪዮቭስኪ (Kijowski) የ1974ቱ እ.ኤ.አ. የመድረሻ ሰዓት ዲስትሪቡሽን ሁሌ ፖዘቲቭ ነው፣ ደስ ይላል፣ ግን ዲቴክተር የሚባል ነገር ውስጡ የለም። ዲቴክተሩን በኢማጅነሪ ፖቴንሻል (ሞገዱን እንዲውጥ በስሌቱ ውስጥ በሚገባ ፖቴንሻል) ስተካው ደግሞ ጠንከር ሳደርገው ሞገዱን ከመዋጥ ይልቅ ወደ ኋላ ይመልስብኛል። በዚህ የሠራችሁ ካላችሁ፣ ከሙከራ ጋር የማወዳድረው የቱን ነው? ፖቴንሻሉንስ ምን ያህል ላለስልሰው? ስሌቱን በእጅ የፃፍኩትን ፎቶ አንስቼ እልካለሁ፣ በናታችሁ።