ኮከቦቹ ለምን ሰረዝ ይሆኑብኛል? ትራይፖዱንስ ትቼው ልሂድ?

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከጓደኞቼ ጋር ራቅ ያለ ተራራ ላይ ድንኳን ተክለን ልናድር ነው። ቀን መልክዓ ምድሩን ማንሳት ብዙም አይከብደኝም፣ የሚያስቸግረኝ ሌሊቱ ነው። ካሜራዬ ክሮፕ ሴንሰር ነው (ምስል የሚይዝበት ክፍል ከፉል ፍሬሙ በ1.5 እጥፍ ያነሰ)፣ ሌንሱ አብሮት የመጣው 18-55 ሚሊሜትር፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 3.5። በ18 ሚሊሜትር 30 ሰከንድ ሳነሳና ፎቶውን ሳጎላው ኮከቦቹ አጫጭር ሰረዝ ይሆናሉ፣ አንዳንዴ ጭራሽ ይደበዝዛሉ። ቦርሳዬም ከአሁኑ ከብዷል። ትራይፖዱን (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውን) ትቼ ካሜራውን ድንጋይ ላይ ባስደግፈውስ?

የሌሊት ወፍ፦
ሰረዙ የካሜራህ ጥፋት አይደለም። መሬት በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች፣ 30 ሰከንድ ደግሞ ለዚያ ሌንስ በዛ። የተለመደው ስሌት 500ን ለሌንሱ የትኩረት ርዝመት (ለዚያ 18 ሚሊሜትር) ማካፈል ነው። ያንተ ክሮፕ ስለሆነ 18ን በ1.5 ታባዛለህ፣ 27 ይሆናል፣ 500 ለ27 ሲካፈል 18 ሰከንድ ገደማ። እኔን ከጠየቅከኝ ግን እሱም ይበዛል፤ በ500 ፈንታ 300 ይዘህ 11 ሰከንድ አካባቢ ጀምር። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200፣ ኤፍ 3.5፣ በሮው (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ፋይል)።

መደብዘዙ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ፎከስ ነው። አውቶ ፎከስ ጨለማ ውስጥ ዝም ብሎ ይዋልላል፣ ስለዚህ ወደ ማንዋል ቀይረው። በጣም የምታበራዋን ኮከብ ፈልግና በስክሪኑ ላይ እስከመጨረሻው አጉላት። ቀለበቱን ቀስ እያልክ አዙር፤ ኮከቧ ትሰፋለች፣ ትጠባለች፣ እንደገና ትሰፋለች። በጣም የጠበበችበት ላይ አቁም። ሌንሱ ላይ ያለውን የኢንፊኒቲ ምልክት አትመን፣ ብዙ ጊዜ ትንሽ ያልፋል። ከዚያ ቀለበቱን በፕላስተር ለጥፈው፣ ሌሊቱን ሙሉ እንዳትነካው።

ጤዛ፦
ድንጋዩ ይሠራል፣ ግን ካሜራው የሚያየው ድንጋዩ የፈቀደለትን ብቻ ነው። ወንድሜ፣ ትራይፖዱን አትተው፤ ሁለተኛ ሌንስ ካለህ እሱን ተወው። ነፋስ ካለ የመሃሉን ዘንግ ወደ ላይ አትሳብ፣ እግሮቹን ዝቅ አድርግ። እንዲከብድ ቦርሳህን ስታንጠለጥልበት መሬቱን ትንሽ ይንካ፣ ካልሆነ እየተወዛወዘ ይብሳል። የ2 ሰከንድ ታይመር ተጠቀም፣ ስታቢላይዘሩን (የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋውን) አጥፋ።

ብርድ ባትሪ ይጨርሳል፣ ስለዚህ መለዋወጫውን ጃኬትህ ውስጥ ያዝ፣ ስትተኛ ደግሞ ስሊፒንግ ባግህ ውስጥ። ሌላው ሰው የማይነግርህ ነገር፦ ቀዝቃዛ ካሜራ ሞቅ ያለ ቦታ ስታስገባ ላብ ያወጣል። ገና ውጭ እያለህ ፌስታል ውስጥ ከተህ እሰረው፣ እስኪሞቅ አትፍታው።

ዳገት፦
ጨረቃንስ ረሳችኋት እንዴ? ሙሉ ከሆነች ፍኖተ ሐሊብን እርሳው፣ ሰማዩ ሁሉ ይነጣል። ቀኑን መቀየር ካልቻላችሁ የምትወጣበትንና የምትገባበትን ሰዓት አይተህ ጨለማው ላይ ተነሳ። ቀጭን ጨረቃ ግን አትጠላም፣ ተራራውን ታበራልሃለች። ወይ ደግሞ ፀሐይ እንደገባች፣ ጭላንጭሉ ሳይጠፋ ተራራውን አንሳና ካሜራውን ሳታንቀሳቅስ ኮከቦቹን ጠብቅ። ሁለቱን በኋላ ኮምፒውተር ላይ ማዋሃድ ነው። ይሄ ማጭበርበር ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አይመስለኝም።

ጀማሪው፦
ተባረኩ! ሁለተኛው ሌንሴ፣ 55-200ው፣ ቤት ቀርቷል። ግንባር ላይ የምትታሰረዋ ባትሪ ቀይ መብራት አላት፣ ይጠቅማል?

የሌሊት ወፍ፦
በደንብ። ዓይን ጨለማ ለመልመድ 20 ደቂቃም በላይም ይፈጅበታል፣ ነጭ መብራት ባንዴ ያጠፋዋል። ለጓደኞችህም ንገራቸው፣ አንዱ ፊትህ ላይ ካበራብህ ሀ ብለህ ነው የምትጀምረው። የካሜራውንም ስክሪን ብርሃን ቀንስ፣ ጨለማ ውስጥ ፎቶው ከሆነው በላይ ደማቅ ይመስላል። ሂስቶግራሙን (የፎቶውን ብርሃንና ጨለማ መጠን የሚያሳየውን ግራፍ) እይ።