ዲኤ-88 ቴፕ ከቪዲዮና ከሲኩዌንሰር ጋር አልሄድ አለኝ፤ እርዱኝ

ጠያቂ (አዲስ አበባ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የታገልኩት ነገር አለ።

አጎቴ ሙዚቀኛ ነው። ለ1990 እንቁጣጣሽ፣ በፈረንጆቹ 1997 መሆኑ ነው፣ ዋሽንግተን አካባቢ ከባንዱ ጋር የሠራው ኮንሰርት በ16 ትራክ ተቀድቷል። ሁለት ታስካም ዲኤ-88 (እያንዳንዳቸው 8 ትራክ በዲጂታል የሚቀዱ ማሽኖች) ተያይዘው፣ በሃይ-ኤይት ካሴት ላይ። ማሽኖቹንም ካሴቶቹንም ላከልኝ። ያን ቀን መድረክ ላይ ከነበሩት ሦስቱ ዛሬ በሕይወት የሉም። ስለዚህ አበላሽቼው እንዳልቀር በጣም እፈራለሁ።

ያለኝን ልንገራችሁ። አንደኛው ማሽን ውስጥ ኤስዋይ-88 የሚባለው የሲንክ (የማመሳሰያ) ካርድ ገብቷል። ታይም ኮዱ፣ ማለትም ቴፑ የት እንደደረሰ የሚናገረው ቁጥር፣ ከሱ በሚዲ ገመድ ወደ ኮምፒውተር ይመጣል፤ ሲኩዌንሰሩ (ሙዚቃ የምሠራበት ፕሮግራም) ቴፑን ይከተላል። የኮንሰርቱን ቪዲዮ በፋይል አግኝቼ ሲኩዌንሰሩ ውስጥ አስገብቻለሁ። የትራምፔቱ ማይክ ግማሹን ሰዓት ስላልሠራ ብራሱን (ትራምፔቱንና መሰሎቹን) በሚዲ፣ ማለትም ኮምፒውተር በሚያጫውተው ኖታ፣ ልሞላው ነው። ብራሱን የሠራሁት በአናሎግ ወደ ኮምፒውተር በገለበጥኩት ረቂቅ ሚክስ ላይ ነው። እዚያ ላይ ልክክ ብሎ ይገጥማል።

ችግሩ ቴፑን ሳስነሳ ነው። መጀመሪያ ሁሉም አንድ ላይ ናቸው። ቆየት ሲል ግን ብራሱም ምስሉም ከቴፑ ቀድመው ይሄዳሉ። ዘፋኙ አፉን ከዘጋ በኋላ ድምፁ ይመጣል።

ሌላም አለ። በዲጂታል ገመዱ፣ በቲዲአይኤፍ ስገለብጥ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይገባል። በአናሎግ ግን የለም። ሁለቱ ችግሮች ይገናኙ ይሆን?

ኪቦርዲስቱ፦

እኛ አገር ቪዲዮ ፓል ነው፣ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል)። ሲኩዌንሰርህን 25 ላይ አድርገው። ካልሆነ ሲንኩን ከኤምቲሲ (በሚዲ ከሚላከው ታይም ኮድ) ወደ ሚዲ ክሎክ ቀይረህ ሞክር። እኔ ድራም ማሽኔን የማገናኘው በሱ ነው።

ባለ ሽቦው፦

ኪቦርዲስቱ ወንድሜ፣ ለመርዳት ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሁለቱም ለዚህ ሥራ አይሆኑም።

25ቱ የሚሠራው እዚህ ለተቀዳ ነገር ነው። ይሄ ካሴት አሜሪካ ነው የተቀዳው። ሲኩዌንሰሩ የሚቆጥረው በቴፑ ቆጠራ እንጂ እኛ ባለንበት አገር ቆጠራ አይደለም። ሚዲ ክሎክ ደግሞ ለአንድ ምት 24 ጊዜ የሚልክ የቴምፖ ምልክት ነው። ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንዳለን አይናገርም። ለድራም ማሽን ግሩም ነው፤ ለምስል ግን አድራሻ የሚናገር ያስፈልጋል። እሱም ኤምቲሲ ነው።

ጠያቂ፣ አንድ ነገር ሳትነካ በፊት ለካልን። በ10፣ በ20ና በ40 ደቂቃ ላይ ስንት ሰከንድ ይቀድማል? ቀስ እያለ ነው የሚሸሸው ወይስ እየዘለለ? ሲኩዌንሰሩስ ስንት ፍሬም ላይ ነው ያለው?

እባክህ ዋናዎቹን ካሴቶች ለሙከራ ደጋግመህ አታጫውት። ሃያ ምናምን ዓመት የቆየ ሃይ-ኤይት ስንት ዙር እንደሚችል ማንም አያውቅልህም። ባዶ ካሴት ካለህ ታይም ኮድ ቅዳበትና በሱ ፈትን። ከሌለህ ለአንድ ዙር ብቻ አጫውተህ ሁሉንም ጻፍ።

ጠያቂ፦

እሺ፣ ባዶ ካሴት ስላልነበረኝ ለአንድ ዙር ብቻ አጫውቼ ለካሁት። በ10 ደቂቃ 0.6 ሰከንድ፣ በ20 ደቂቃ 1.2፣ በ40 ደቂቃ 2.4 አካባቢ ይቀድማል።

እየዘለለ ነው። ልብ ብዬ ሳየው አዲስ ደቂቃ በገባ ቁጥር ብራሱ እንደ መሰናከል ይላል። በጣም ትንሽ ናት። የሚገርመው 10ኛው ደቂቃ ላይ ምንም አላለም። 20ኛውም ላይ እንደዚያው፤ ሁለቴ የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር።

ሲኩዌንሰሩ 29.97 ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ የፍሬሙ ዓይነት አይገጥምም የሚል ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር፤ ዘጋሁት።

ጋሼ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ልጄ፣ አልተሳሳትክም። 10ኛው ደቂቃ ላይ አለመዝለሉን ማየትህ ነው ነገሩን የፈታው። ቴፑ የተቀዳው በድሮፕ ፍሬም ነው። የአንተ ሲኩዌንሰር ደግሞ 29.97 ቢሆንም ድሮፕ ያልሆነው ላይ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ሁለት 29.97 ታገኛለህ፤ ድሮፕ የሚለውን ምረጥ።

ለምን እንደሆነ ላስረዳህ፤ ስታውቀው ሌላ ጊዜ አያታግልህም። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ሳለ በሰከንድ 30 ፍሬም ነበር። በ1953 ለቀለም የሚሆነው ደንብ ሲጸድቅ ፍጥነቱ በሺህ አንድ ያህል ተቀነሰ፤ 29.97 ሆነ። ቆጠራው ግን አሁንም እስከ 30 ነው። ስለዚህ ታይም ኮዱ አንድ ሰዓት ብሎ ሲያሳይ፣ የግድግዳው ሰዓት 3.6 ሰከንድ አልፎታል።

ይህን ለማስተካከል በየደቂቃው መግቢያ ሁለት ቁጥር ይዘለላል። 59 ሰከንድ ከ29 ካለ በኋላ ቀጥታ 1 ደቂቃ ከ02 ይላል። 00 እና 01 የሚባሉ ፍሬሞች የሉም። ምስል አይጣልም፤ የሚጣለው ቁጥር ብቻ ነው። በየደቂቃው ሁለት ቢዘለል ደግሞ ይበዛል፤ ስለዚህ በ10፣ በ20፣ በ30 ላይ አይዘለልም። በ10 ደቂቃ 18 ቁጥር፣ በሰዓት 108።

አሁን የአንተን ልኬት አምጣው። 18 ፍሬም ለ29.97 ሲካፈል 0.6 ሰከንድ ነው። የጻፍከው ራሱ! ሲኩዌንሰርህ ቁጥር የሚዘለልበት መሆኑን ስላላወቀ፣ 2 ፍሬም ወደፊት የሄድን መስሎት በየደቂቃው ይዘላል። ቪዲዮውም የሚከተለው እሱን ስለሆነ አብሮት ይሮጣል።

በዚያ ዘመን እዚህ ለቴሌቪዥን የሚታሰብ ሥራ አብዛኛው በድሮፕ ፍሬም ነበር የሚቀዳው። ካርዱ ላይ ያለውን የፍሬም ምርጫ ግን እንዳትነካው፤ እንደተቀዳበት ይቆይ።

ማሽኖቹ ደግሞ ከዚህ የሄዱ ከሆነ የ120 ቮልት ናቸውና ከኋላ የተጻፈውን እይ። የአገር ቤቱ 220 ነው፤ ያለ ትራንስፎርመር እንዳትሰካ።

ባለ ሽቦው፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልን። እኔም የምጠረጥረው እዚያ አካባቢ ነበር፤ እንዲህ ግን አላስረዳውም ነበር።

ጠቅ ጠቅ የሚለው ሌላ በሽታ ነው። ከታይም ኮዱ ጋር አይገናኝም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ስለሚሳሳት ትንሽ ልቆይበት።

ታይም ኮድ የት እንደደረስን ይነግራል። እንዴት እንደምንራመድ አይነግርም። ማኅሌት የቆመ ሰው ያውቀዋል፤ የትኛው ዜማ ላይ እንዳለን ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ መቋሚያው መቼ እንደሚወርድ ማወቅ ሌላ ነው። በዲጂታል ድምፅ መቋሚያው ወርድ ክሎክ ነው። ቴፑ በ48 ኪሎኸርዝ ከተቀዳ በሰከንድ 48,000 ጊዜ ይረግጣል። የድምፅ ካርድህም 48,000 ጊዜ ይረግጣል፣ ግን በራሱ ክሪስታል። ሁለት ክሪስታል መቼም አንድ አይሆንም። ልዩነቱ ከሚሊዮን 50 ብቻ ቢሆን እንኳ በሰዓት 180 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ ከ5 ፍሬም በላይ ማለት ነው። በዲጂታል ገመድ ሲገናኙ ደግሞ አንዱ ያልጠበቀው ናሙና (የአንድ እርምጃ የድምፅ ልኬት) ይተርፋል ወይ ይጎድላል። ጠቅ የሚለው ያ ነው። በአናሎግ የማትሰማው እያንዳንዱ በራሱ ሰዓት ስለሚለካ ነው።

መሪው አንድ ይሁን። ካርድ ያለበትን ዲኤ-88 መሪ አድርገው። ከኋላው ወርድ ሲንክ አውት ከሚለው ክብ ሶኬት ባለ 75 ኦም ገመድ ወደ ድምፅ ካርድህ ወርድ ክሎክ መግቢያ ዘርጋ። የድምፅ ካርዱን ሰዓት ከውስጥ ወደ ውጭ ቀይር። የቪዲዮ ገመድ ሁሉ 75 ኦም ነው፤ የማይክ ገመድ ቆርጠህ ጫፍ እንዳትሠራለት። ሁለተኛው ዲኤ-88 በሲንክ ገመዱ መሪውን ስለሚከተል ለብቻው አያስቸግርህም።

ፕሮጀክቱም 48 ላይ መሆኑን አረጋግጥ። 44.1 ላይ ከሆነና ፋይሉ ሳይቀየር ከገባ ዘፈኑ በአንድ ቶንና በግማሽ ቶን መካከል ይወርድብሃል።

ቪዲዮ ቆራጯ፦

ስለ ምስሉ ማንም ስላልጠየቀህ እኔ ልጠይቅህ። ፋይሉን ማን ሠራው? በሰከንድ ስንት ፍሬም ነው?

ጠያቂ፦

እዚህ አንድ ቤት ነው የተገለበጠው፤ ከቪኤችኤስ ቅጂ። 25 ፍሬም ይላል። ዋናው ቤታካም ኤስፒ (የቴሌቪዥን ባለሙያዎች የቪዲዮ ካሴት) ነው፤ አጎቴ ጋ አሜሪካ ቀርቷል።

ቪዲዮ ቆራጯ፦

እንግዲያው ይሄን ፋይል ለመሥሪያ ብቻ ተጠቀምበት። በትክክል የተቀየረ 25 ርዝመቱ ከዋናው ጋር እኩል ነው፤ ምስሉ ትንሽ ከመርገብገቡ በቀር ችግር የለውም። ፍሬም እየተቆጠረ በደፈናው የተለወጠ ከሆነ ግን ርዝመቱ በጣም ይለያል። የማረጋገጫው መንገድ ቀላል ነው። መጀመሪያ አካባቢ አንድ የድራም ምት ምረጥ፣ መጨረሻ አካባቢ አንድ ምረጥ። በመካከላቸው ያለውን ጊዜ በቴፑም በፋይሉም ለካ። እኩል ከሆነ ተወው።

ለመጨረሻው ሥራ ግን አጎትህ ቤታካሙን እዚያው በ29.97 ያስገልብጡልህ። ታይም ኮዱም አብሮ ይገልበጥ። ካሜራውና ዲኤ-88ቹ ያን ቀን አንድ ታይም ኮድ ይዘው ከነበረ በጆሮ ማስተካከል አይኖርብህም፤ ቁጥሩን ብቻ ታስቀምጣለህ። ምስል ከጠራ ትንሽ መዛነፍ እንኳ ይታያል፤ በቪኤችኤስ ያላየኸውን በቤታካም ታየዋለህ።

ባለ ሽቦው፦

አንድ ልጨምር። ቴፑን እያጫወትክ ሚክስ አታድርግ። አንዴ በዲጂታል ገልብጠህ ካሴቶቹን አስቀምጥ። የድምፅ ካርድህ 8 መግቢያ ብቻ ካለው ሁለት ዙር ነው፤ ሁለቱም ማሽኖች እንደተያያዙ አስነሳቸውና መጀመሪያ ከአንዱ፣ ቀጥሎ ከሌላው 8 ትራክ ውሰድ። ሁለቱንም ጊዜ ከዘፈኑ 10 ሰከንድ ያህል ቀደም ብለህ ጀምር። አንድ ሙሉ የኤምቲሲ አድራሻ በ8 ቁራጭ ነው የሚላከው፤ 2 ፍሬም ይፈጃል። ማሽኖቹም እስኪያያዙ ጊዜ ይፈልጋሉ። የብራስ ኖታዎችህ በዚያው ሚዲ ገመድ የሚያልፉ ከሆነ ለይላቸው፤ ሚዲ ጠባብ መንገድ ነው፣ ታይም ኮዱን ያዘገዩብሃል።

ጠያቂ፦

ድሮፕ የሚለውን መረጥኩ። 40ኛው ደቂቃ ላይ ዘፋኙ አፉን ሲከፍት ድምፁ አብሮ ይወጣል። በየደቂቃው የነበረው መሰናከልም ጠፋ። የቪዲዮ ፋይሉን እንዳልሽው ለካሁት፤ እኩል ነው።

ወርድ ክሎኩን ዘርግቼ 16ቱንም ትራክ በሁለት ዙር ገለበጥኩ። አንድም ጠቅ የለም። ትራንስፎርመር አለኝ ጋሼ፣ አያስቡ። ቤታካሙን አጎቴ በዚህ ወር ያስገለብጣል።

የሁለተኛውን ማሽን ትራኮች ለየብቻ ስሰማ 14ኛው ላይ የአዳራሹ ማይክ አገኘሁ። የትራምፔቱ ድምፅ እዚያ ውስጥ አለ፤ ሩቅ ነው፣ ግን ራሱ ነው። አሁን ብራሱን በሱ ላይ እያስተካከልኩ ነው።

ጋሼ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

የአዳራሹ ማይክ ከመድረኩ ይርቃል። ድምፅ በአንድ ሜትር 3 ሚሊሰከንድ ያህል ስለሚዘገይ፣ ብራስህን ከሱ ጋር እኩል ካደረግከው ከድራሙ ኋላ ይቀራል። ድራሙ በዚያ ማይክ ላይ የሚሰማበትን ቦታ ፈልግ፣ ከራሱ ትራክ ጋር ያለውን ልዩነት ለካ፣ 14ኛውን ትራክ በዚያ ልክ ቀደም ብሎ እንዲጀምር አድርገው። ከዚያ በኋላ ትራምፔተኛውን ተከተል።