ክሪፕ ኤጅ ፎርሚንግ ሞዴሌ ላይ ጥንካሬው መውረድ እምቢ አለኝ

ቅይጥ_7055፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ የማስተርስ ቴሲሴን የምሠራው ክሪፕ ኤጅ ፎርሚንግ ላይ ነው፣ ያው የኤ380 አውሮፕላን የክንፉ የላይኛው ቆዳ የተጎበጠበት ዘዴ፣ የአሉሚኒየም ቅይጥ ሉሁን ሻጋታ ላይ አስጨንቀህ አውቶክሌቭ (ግፊት ያለው ምድጃ) ውስጥ ለሰዓታት ታስቀምጠዋለህ፣ ቅርጹንም ጥንካሬውንም በአንዴ ይይዛል። እኔ በ155 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ነው የማስመስለው፣ አባከስ የሚባለው የማስመሰያ ሶፍትዌር ላይ ሰብሩቲን (የራሴን ኮድ) ጽፌ። ክሪፕ ስትሬኑ (በጭነትና በሙቀት ቀስ እያለ የሚመጣው የቅርጽ ለውጥ) ከላብ ዳታው ጋር ልክክ ብሏል፣ ዪልድ ስትሬንግዙ (በቋሚነት መበላሸት የሚጀምርበት ጥንካሬ) ግን ዝም ብሎ ይወጣል፣ ላብ ላይ ግን ፒክ (ከፍተኛውን ነጥብ) ነክቶ ይወርዳል። የፕሪሲፒቴቱ (ቅይጡ ውስጥ የሚፈጠሩት ጥቃቅን ቅንጣቶች) ራዲየስ ባደገ ቁጥር ጥንካሬው ይጨምራል ብዬ ነው የጻፍኩት። ሁለት ሳምንት ሆነኝ እባካችሁ 🙏

የምድጃ_ሰው፦
እህቴ ችግሩ እዚሁ የመጨረሻው እኩልታሽ ላይ ነው። ፕሪሲፒቴቱ ትንሽ እያለ ዲስሎኬሽኑ (ብረቱ ቅርጹን ሲቀይር የሚንቀሳቀሰው የክሪስታል ጉድለት መስመር) ቆርጦት ነው የሚያልፈው፣ ያኔ ሲያድግ መቁረጡ ይከብዳል፣ ያልሽው ልክ ነው። ካደገ በኋላ ግን አይቆረጥም፣ ዲስሎኬሽኑ ዙሪያውን ተጠምዝዞ ቀለበት ትቶ ይሄዳል፣ ኦሮዋን የሚሉት። እዚህ ላይ ቮልዩም ፍራክሽኑ (የቅንጣቶቹ ጠቅላላ ድርሻ) ብዙም አይጨምርም፣ ትልልቁ ትንንሹን እየበላ ቁጥራቸው ያንሳል፣ በመሃላቸው ያለው ርቀት ይሰፋል፣ ስለዚህ ጥንካሬው ይወርዳል። ሸርክሊፍና አሽቢ በ1990 ያወጡትን ሞዴል እይው፣ ሁለቱን ለየብቻ አስልተው በሃርሞኒክ ሚን (ደካማው የበላይ በሚሆንበት የአማካይ ዓይነት) ነው ያገናኟቸው፣ ፒኩ ራሱ ይመጣልሻል። ማትሪክሱ ውስጥ ሟሙቶ የቀረው ዚንክና ማግኒዚየምም ስለሚያልቅ የሶሊድ ሶሉሽኑ (ከሟሟው አተም የሚመጣው ጥንካሬ) ድርሻ እየቀነሰ መሄድ አለበት፣ እሱን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ቅይጥ_7055፦
ወይኔ፣ የኦሮዋኑን ጭራሽ አላስገባሁትም ነበር! አመሰግናለሁ ወንድሜ። ግን ስትረሱ (ጭነቱ የሚፈጥረው ውጥረት) የት ይግባ? ስትረስ ያለበት ናሙና ፒኩን ቀድሞ ነው የሚነካው።

ሽቦ_ጎታች፦
እኔ ልመልስ፣ ክሪፕ ሲኖር ዲስሎኬሽን ይበዛል፣ ዲስሎኬሽኑ ደግሞ ለፕሪሲፒቴት መብቀያ ነው፣ ለአተሙም አቋራጭ መንገድ ነው፣ ስለዚህ የራዲየሱ የእድገት ፍጥነት ውስጥ ዲስሎኬሽን ዴንሲቲን (የዲስሎኬሽኑን ብዛት) አስገቢ። በምንም ዓይነት ግን ጥንካሬውን በቀጥታ ከሰዓት ጋር እንዳታስሪው፣ ላብ ላይ ስትረሱ ቋሚ ነው፣ ሻጋታ ላይ ግን ስትሬኑ ተይዞ ስትረሱ ነው እየላላ የሚሄደው፣ በሰዓት የታሰረ ከርቭ ይሄን አያውቅም። ዪልዱም ተመልሶ ክሪፕ ሬቱ ውስጥ መግባት አለበት፣ ቅይጡ ሲጠነክር ክሪፑ ይቀዘቅዛል፣ ይህ ካልገባ ስፕሪንግባኩ (ሉሁ ከሻጋታው ሲለቀቅ ወደ ኋላ የሚመለሰው) ይበላሽብሻል። ኮንስታንቶቹን ስትፈልጊ መጀመሪያ ስትረስ በሌለው ናሙና የኤጂንጉን (በሙቀት እየቆየ የመጠንከሩን) ከላብ ዳታው ጋር አስማሚና ቆልፊያቸው፣ ከዛ ነው ወደ ክሪፑ መሄድ፣ ሁሉን በአንዴ ከለቀቅሽው ከርቩ ያምራል ቁጥሮቹ ግን ትርጉም አይኖራቸውም።

ቅይጥ_7055፦
አሁን ሮጦ ጨረሰ፣ ፒክ ነክቶ ወረደ!! የስትረስ ሪላክሴሽን ቴስቱን (ስትሬኑ ተይዞ ስትረሱ ሲላላ የሚለካበትን) ኮንስታንቶቹን ለማስማማት ሳልነካው ለማረጋገጫ ላስቀምጠው ነው፣ ነገ ከሱ ጋር አስተያየዋለሁ።